የጀልባዋ አምስተኛ ሰው

ከፍያለው የጀልባዋ ቦታ ለባምላክ መሰጠቱን የሰማው እቃ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው ሲለይ ነው። የእቃ ቤቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው ወዲያ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከማንጎው ሥር ታናሽ ወንድሙ ታዲዮስና የጎማ ነጋዴው ባምላክ የፕላስቲክ ወንበር ስበው ፉል እየበሉ ነበር። ቆርቆሮ እንደሆነ የጁባን ሙቀትም አያግድ፣ የጁባን ወሬም አያግድ።

«እንግዲህ አምስተኛው አንተ ነህ» አለ ታዲዮስ። «ፓስፖርትህንና ሁለት ጉርድ ፎቶ እስከ አሥር ሰዓት ሶሊ ቢሮ አድርስ። ካለፈ አለፈ ነው።»

ባምላክ ሳቀ። ሲስቅ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ከፍያለው በእጁ የያዘውን ሽንኩርት ደህና ይሁን የበሰበሰ ሳያይ ወደ ቆሻሻው ወረወረውና፣ ቀጥሎ ያለውንም ወረወረው።

ነገሩ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ ነው። ታዲዮስ የሚሠራበት የውጭ ድርጅት በየስምንት ሳምንቱ ለሠራተኞቹ የዕረፍት ቀን ይሰጣል። ሌላ ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ካምፓላ ደርሶ ይመጣ ነበር። ዘንድሮ ግን ከእጮኛው ከአምለሰት፣ አየር መንገድ ከሚሠራው ወንድሟ ከስምኦንና ከጉዞ ወኪሉ ከሶሊ ጋር ተማክረው አራቱም ወደ ሰሜን፣ ፖርት ሱዳን ሊሄዱ ቆረጡ። ከጁባ ካርቱም በአውሮፕላን፣ ከካርቱም ፖርት ሱዳን ደግሞ በሌላ አውሮፕላን፤ ከዚያ በመኪና ባሕሩን በቀኝ፣ ተራራውን በግራ አድርጎ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ። ሶሊ በላፕቶፑ ባሳያቸው ፎቶ ላይ ውሃው ከዳር ነጭ፣ ትንሽ ገባ ሲል አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የቀለም ብልቃጥ የተደፋበት የመሰለ ሰማያዊ ነው። የተያዘችው ጀልባ አምስት ሰው ትይዛለች፤ ስድስተኛ አትጨምርም። በጥር ሪፈረንደም አለ፤ ከዚያ በኋላ ሰሜኑ ሌላ አገር፣ ደቡቡ ሌላ አገር ሊሆን ነው፤ ቪዛው ምን እንደሚመስል፣ አውሮፕላኑም መብረር አለመብረሩን የሚያውቅ የለም። «ዘንድሮ ያላየው አያየውም» ብሎ ነበር ሶሊ። ሶሊ ትኬት ሻጭ ስለሆነ እንዲህ ማለት ልማዱ ነው፤ ያን ቀን ግን ሁሉም አመነው።

አምስተኛው ሰው ከፍያለው ሊሆን ነበር። እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ላይ፣ ታዲዮስ ሽሮውን እየጠቀለለ «ጋሼ፣ ከኛ ጋር ለምን አትሄድም?» ብሎ ጠይቆታል። ከፍያለውም ጨዋ ሰው የሚመልሰውን መለሰ። «አይ፣ እኔን ተወኝ። ሥራውን ለማን ጥዬ? እናንተ ልጆች ሂዱ» አለ። ብሎም እጁን ከትሪው ትንሽ ከፍ አድርጎ ጠበቀ። በእናቱ ቤት እንግዳ መጀመሪያ ሲጋበዝ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ሁለተኛ ሲጋበዝ «ኧረ ይቅርብኝ» ይላል፤ ሦስተኛ «በሞቴ» ሲባል «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ይቀርባል፤ ቀርቦም ከባለቤቶቹ አብልጦ ይበላል። በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ያለ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ሲነሣ ይኖራል። ታዲዮስ ግን አራት ዓመት ከካዋጃዎቹ ጋር ሠርቷል፤ ከነጮቹ ዘንድ ደግሞ አንድ ጊዜ እንቢ ያለ ሰው እንቢ ብሏል ማለት ነው፤ ማንም ሁለተኛ አይጠይቀውም። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ጋሼ» አለው፤ ችግር የለም። ጉርሻውን ዋጠና ስለ ትኬቱ ዋጋ ወደ አምለሰት ዞረ። ከፍያለው «በሞቴ» የምትለዋን ቃል እጅ እስኪታጠቡ ድረስ ጠበቃት። ሰኞም ጠበቃት። ማክሰኞ ማታ ፓስፖርቱን ከሻንጣ አውጥቶ በሸሚዙ የደረት ኪስ ከተተ፤ ድንገት ና ሲባል ፍለጋ ላይ እንዳይቸገር። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ባልከፋ። ባምላክ ግን የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ብዙ ውሃ አየሁ ቢል ያየው የተነፈሰ ከመነዳሪ የሚነክርበትን ሳፋ ነው። ከፍያለው በአንጻሩ አሰብ ተወልዶ አሰብ ያደገ ሰው ነው። አባታቸው የወደብ ክሬን ነጂ ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ትልቁን ልጃቸውን ይዘው በናይለን ክር ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ዘንግ የለ፣ መረብ የለ፤ ክሩን በሌባ ጣት ላይ አሳልፎ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ። በሰማንያ ሦስት ቤቱን እንዳለ ጥለው ሲወጡ ታዲዮስ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከአሰብ የሚያስታውሰው የጎረቤት ውሻ እንደነከሰው ብቻ ነው። ከፍያለው ሃያ ሦስቱን ጨርሶ ነበርና ሁሉንም ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሕር አላየም። አሰብ አሁን የሚገባበት አገር አይደለም፤ ፖርት ሱዳን ግን ያው ውሃ ነው፤ አንዱ ዳር የነካው ማዕበል ሌላውን ዳር የሚነካበት። ይህን ለወንድሙ ነግሮት አያውቅም። ለሰው የሚነገር ሳይሆን ሰው ራሱ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይመስለው ነበር።

ሽንኩርቱን ተሸክሞ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ሚስቱ በዛብሽ፣ ታዲዮስ በዙ የሚላት፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ውሃ ከሚያመጣው ቦቴ ሹፌር ጋር በጁባ ዓረብኛ ትከራከራለች፤ በአንድ እጇ ምስር ታማስላለች፣ በሌላው ለአስተናጋጇ የሦስት ቁጥሩን ክፍል ቁልፍ ታቀብላለች። ጉዴሌ ሰፈር ስድስት የቆርቆሮ ክፍልና ስምንት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ማንቀሳቀስ እንዲህ ነው። አልጋው መቶ ሃያ ፓውንድ፣ የጾም በያይነቱ አሥራ ሁለት፤ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ደግሞ የሁለቱንም ይጠጣል። ከፍያለው ሽንኩርቱን አስቀምጦ ቆመ። ምን ሆነሃል እስክትለው ነው የቆመው። በዛብሽ ስልኩን ዘጋች፣ ሽንኩርቱን አየች፤ ግማሹ የት ሄደ ብላ ጠየቀች። በሰበሰ አላት። እሷ ወደ ምስሩ ተመለሰች፤ እሱ ቆሞ ጠበቀ። በዚህ ቤት ዝምታ ማለት አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ከፍያለው ለአየሩ እንደሚናገር ሰው፣ ባምላክ እኮ ፖርት ሱዳን ሊሄድ ነው አሉ፣ አለ። «ይሂዳ» አለች በዛብሽ፤ ዓይኗ ግን ከፊቱ ወርዶ ደረቱ ላይ፣ ኪሱ ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ድስቱ ተመለሰ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ባምላክ ራሱ ከች አለ። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አድርጓል፤ ከኮኞ ኮኞ ገበያ መቶ ሠላሳ ፓውንድ የገዛውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እንደ ጦር ይዟል። ዋጋው ገና ከጫፉ ላይ ተለጥፎ አልተነሣም። ምሳ ሊበሉ የተቀመጡ ሁለት የኡጋንዳ ግንበኞች አይተውት ተጠቃቀሱ። ከፍያለው ባርኔጣውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ሰውዬው ገና ጠዋት ተነግሮት፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ባርኔጣ!

«ጋሽ ከፍያለው፣ እርስዎ የባሕር ሰው ነዎት ይላል ታዲዮስ» አለ ባምላክ ወንበር እየሳበ። «እስቲ ምክርዎን ይለግሱኝ። ከሰው ፊት እንዳላፍር።»

እዚህ ላይ ከፍያለው ሁለት መንገድ ነበረው። ደጉን መንገድ ጀምሮትም ነበር፤ መንጠቆውን ተቀብሎ ክሩን እንዴት አምስት ጊዜ ጠምዝዞ እንደሚያስር አሳየው፤ ጣቶቹ ሳያስቡት ሠሩት፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። ባምላክ አፉን ከፍቶ አየ። «እንዲህ ያለ ሰው እያለ እኔን መምረጣቸው!» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው፣ ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር። ከፍያለው በዚያች ቃል ደጉን መንገድ ትቶ ሌላውን ያዘ።

ባሕር እንዲህ በፎቶ እንደሚታየው አይደለም ብሎ ጀመረ። ጀልባዋ ገና ከዳር ስትለቅ ሆድ ዕቃ ወደ ላይ ይመጣል፤ ሦስት ቀን ሆድ ምግብ አይቀበልም። ይህ እንኳ ምንም አይደለም፤ ይለመዳል። ባምላክ ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላስ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ሌላማ ያው ሻርኩ ነው አለ ከፍያለው፣ ስለ ጎረቤት ፍየል እንደሚያወራ ሁሉ ረጋ ብሎ፤ የጨውን ዕቃ እያስተካከለ።

«ሻርክ ያለ ምክንያት ሰው አይነካም። የቆላ ሰው ደም ቀጭን ነው፣ አይወድም። የደጋ ሰው ደም ግን ወፍራም ነው፤ በብርድ የኖረ ደም ከሩቅ ይሸተዋል።»

«እውነትዎን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ አረቦቹ ዓሣ አጥማጆች ሲሉ ሰምቼ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ አለ አይደል?»

ባምላክ ብርድ አለ አለ፤ በጣም አለ። ያዘዘውን ሻይ ሳይጨርስ ተነሣ፤ ዘንጉን እንደ ጦር ሳይሆን እንደ ምርኩዝ ይዞ ወጣ። ወደ ወጥ ቤቱ በር ጎራ ብሎ ከበዛብሽ ጋር አንድ ሁለት ቃል ሲለዋወጥ ከፍያለው ከሩቅ አየው፤ ምን እንዳሉ አልሰማም። ትንሽ ጸጸት ቢጤ ነካው። ይሁን እንጂ ጸጸቱ ሻዩን ራሱ እስኪጠጣው ድረስ ብቻ ቆየ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለክፍሎቹ አምፖል ልገዛ ነው ብሎ ወጣ። አምፖል አልጎደለም። የቦዳው፣ የሞተር ብስክሌት ታክሲው፣ ሹፌር ሱክ ጁባ ገበያ ድረስ «አሸራ» አለው፤ አሥር ፓውንድ። ሌላ ቀን ቢሆን ከፍያለው ግማሹን እስኪያስቀንስ ይከራከር ነበር፤ ዛሬ ሳይከራከር ተፈናጠጠና ሹፌሩን አስደነገጠው። የደረቁ ወራት አቧራ ከጉዴሌ እስከ ከተማው ድረስ እንደ ዱቄት ይነፋል። ከፍያለው አንድ እጁን ደረት ኪሱ ላይ አድርጎ በመንገድ ከራሱ ጋር ተማከረ። ባምላክ ይቀራል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ቦታው ክፍት ይሆናል። ታዲዮስ አጠገቡ ያለውን ሰው ያያል፤ አጠገቡ ደግሞ እሱ ይኖራል። ይጠይቀዋል። ታዲያ ሲጠይቀው እንደ እሑዱ አይሆንም፤ የእናቱ አጥንት ይውቀሰው እንጂ በመጀመሪያዋ ቃል «እሺ» ይላል። ቃሏን አቧራው ውስጥ ተለማመዳት። «እሺ። እሺ።» የቦዳው ሹፌር ቁም የተባለ መስሎት ሁለት ጊዜ ፍጥነቱን ቀነሰ።

የሶሊ ቢሮ የዕቃ ኮንቴነር ነው፤ በጎኑ መስኮት ተቆርጦለት፣ ከውስጥ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ ግድግዳው ላይ የአውሮፕላንና የፏፏቴ ፎቶ ተለጥፎበት። አንድ ቬንትሌተር ራሱን እየነቀነቀ ሁሉንም እንቢ ይላል። ሶሊ ከፍያለውን ሲያይ ተነሥቶ ወንበር ሰጠውና ውሃ አቀረበለት። ከፍያለው አልጠማኝም አለ፤ ደግሞ አቀረበለት፤ ጠጣ። ይህ ልጅ አስተዳደግ አለው ሲል አሰበ። ሁለት አምፖሎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስለ ዶላር ምንዛሪ፣ ስለ ሪፈረንደሙ፣ ስለ ሙቀቱ አወራ። ስለ ጉዞው አላነሣም። በሶሊ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ፓስፖርቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበዋል፤ ከፍያለው እነሱን ላለማየት ፏፏቴውን አየ።

ለአሥር ሃያ ጉዳይ ሲል ታዲዮስና አምለሰት እየተጣደፉ ገቡ። ጋሼ እዚህ ምን ትሠራለህ ሲሉት አምፖሉን አሳያቸው። ታዲዮስ የራሱን ፓስፖርት አክሎ አራት አደረገና ባምላክ የት ደረሰ ብሎ ደወለ። ባምላክ በስልኩ ውስጥ ረጅም ተናገረ። ጎማው ኒሙሌ ላይ ታስሮበታል፤ ጠረፍ ወርዶ ማስለቀቅ አለበት፤ ይቅርታ፣ ሌላ ጊዜ፤ ባርኔጣውን እንኳ ለሚሄደው ሰው እሰጣለሁ አለ። ታዲዮስ ስልኩን ዘግቶ ሰዓቱን አየ። ሶሊም የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ የቪዛውን ወረቀት ይዞ የሚሄደው ሰው በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ከዚያ ታዲዮስ ዞሮ ታላቅ ወንድሙን አየው፤ ልክ ከፍያለው በቦዳው ላይ እንዳሰበው፣ በዚያው ፊት፣ በዚያው ዓይን።

«ጋሼ» አለ።

የከፍያለው አፍ ለ«እሺ» ተከፈተ።

«በዙን ብወስዳት ትቀየመኛለህ?»

ሰው የተዘጋጀበትን ቃል ሌላ ጥያቄ ሲመጣበት የት እንደሚያደርገው አያውቅም። «እሺ» የምትለዋ ቃል ሳትወጣ ቀረች፤ በእሷ ፈንታ ግን እናቱ ያስተማሩት፣ ሳይጠሩት የሚመጣው ሌላው ቃል በጨዋ ደንብ ወጣ። «ኧረ ለምን ብዬ! ምን በወጣኝ» አለ። ፈገግታም ጨመረበት። ታዲዮስ እፎይ አለ። ጋሼ ሥራውን ትቶ እንደማይሄድ ተናግሯል፣ እሱን ደግሞ ማስቸገር አይገባም አለ፤ በዙ ግን አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ አጥር ወጥታ ከገበያ ሌላ ያየችው ነገር የለም፤ እኔንም አብልታ ያኖረችኝ እሷ ናት፤ አምለሰትም ከሦስት ወንድ ጋር ብቻዋን ሴት ሆና መሄዱ ከብዷት ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ከፍያለው አንዱን እንኳ ውሸት ነው ሊለው ፈልጎ አጣበት፤ እንዲያውም እያንዳንዱን ራሱን ወደ ታች እየነቀነቀ አጸደቀው።

ታዲዮስ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ከወዲያ የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ። ፖርት ሱዳን፣ ባሕር፣ አምስት ቀን፣ አምለሰትም አለች፣ እያለ ገና ሊለማመጣት ሲዘጋጅ በዛብሽ አላስጨረሰችውም።

«እሄዳለሁ» አለች። «መቼ ነው?»

በኮንቴነሩ ውስጥ ሁሉም ሳቀ። ከፍያለው አልሳቀም። በሕይወቱ ሙሉ አንድ ጨዋ ቤት ያደገች ሴት በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ስትል ሰምቶ አያውቅም፤ እንዴት ቀላል እንደሆነም አያውቅም ነበር። ፓስፖርቷንና ለመኖሪያ ፈቃድ ተነሥታ የተረፏትን ጉርድ ፎቶዎች በፌስታል ጠቅልላ ለአንድ ቦዳ ሹፌር ሰጠችው፤ ሹፌሩም አቧራ ለብሶ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። ሶሊ አምስቱን ፓስፖርቶች ደርቦ በላስቲክ አሰራቸው። በዚያች ሰዓት ስድስተኛው ፓስፖርት ከጠረጴዛው አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ በላብ እየራሰ ነበር። ጫፉ ከኪስ ብቅ ማለቱን ከፍያለው አየና ደረቱን እንዳመመው ሰው መዳፉን ጫነበት። አምለሰት አሞህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ሙቀቱ ነው አለ።

ወደ ጉዴሌ ሲመለስ ቅናቱ አብሮት ተፈናጧል። በባምላክ መቅናት ቀላል ነበር፤ ጎማና ባርኔጣ ነው፣ ይናቃል። በሚስት መቅናት ግን የሚናቅ ነገር የለውም። ስትሄድ በሐሳቡ አያት፤ ያን ሰማያዊ ውሃ ከሱ በፊት ስታየው፤ ተመልሳም «ባሕር እኮ…» ብላ ለሱ፣ ለአሰቡ ልጅ፣ ስታስረዳው። ይህን ሲያስብ የቦዳውን ሹፌር ያለ ጥፋቱ ቀስ በል ብሎ ተቆጣው።

በዛብሽን ያገኛት መኝታ ቤት ነው። አልጋው ላይ አነስተኛ ሻንጣ ከፍታ፣ ሁለት ቀሚስና አንድ ነጠላ አስቀምጣ፣ የሻንጣው ዚፕ ተበላሽቷልና የሚታሰርበት ሲባጎ አጠገቧ አድርጋለች። ጉዞው ገና ሳምንት ይቀረዋል። አምፖሎቹን ተቀብላ መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻቸውና፣ ተቀመጥ፣ የምነግርህ አለ አለችው። ከዚያ ነገረችው። የውሃው ቦቴ በየሦስት ቀኑ ነው፤ ሹፌሩ ሰማን ይባላል፣ ካልደወሉለት አይመጣም፤ ሲመጣ ደግሞ መለኪያውን ራስህ ወጥተህ እይ። የምስሩ ነጋዴ ጀውሀራ ናት፤ ከሌላ እንዳትገዛ፣ ትቀየማለች። አራት ቁጥር ያለው ኬንያዊ ማክሰኞ ይከፍላል እንጂ ሰኞ አትጠይቀው። የጄኔሬተሩ ፊውዝ የት እንዳለ ታውቃለህ? ከፍያለው የትኛው ፊውዝ አለ። በዛብሽ ለመሳቅ አልቸኮለችም፤ እሱም ለመናደድ አልቸኮለም። ሥራውን ለማን ጥዬ ብሎ እሑድ የተናገረው ሥራ ማን እጅ ላይ እንደነበረ አሁን ገና ተቆጥሮ ሲሰጠው አየው።

«ባምላክን ምን ብለኸው ነው?» አለች ድንገት። «ወጥ ቤት መጥቶ ሻርክ የደጋ ሰው ይመርጣል ወይ ሲለኝ ነበር። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሊበላኝ ነው?»

ከፍያለው ጣሪያውን አየ። ውሸት ነው፣ አይመርጥም አለ።

«መሆኑንማ አውቃለሁ። ፓስፖርትህን ከትናንት ጀምሮ ደረትህ ላይ ይዘህ ስትዞር ደግሞ አይቻለሁ።» ቀሚሱን ዘርግታ አጠፈችው። «ለታዲዮስ ለምን አልነገርከውም?»

ከፍያለው ብዙ መልስ ነበረው። ጠይቆኝ ነበር፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሊል አሰበና፣ ሲያስበው እንኳ አፈረ። ይለምነኛል ብዬ ነው አለ ቀስ ብሎ።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» አለች። «እኔን ለምኖኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ለዚህ ይሆናል ሲጠይቁኝ የምሰማው።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ልቅርልህ?»

እውነት ጠይቃው ነበር፤ ዓይኗ ላይ ይታያል። የተጻፈው ስም የሷ ስለሆነ ቪዛው በቀላሉ ወደ እሱ እንደማይዞር ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሶሊ ነገ ጠዋት ሊለምን ይችል ይሆናል፣ ላይሳካም ይችላል። ከፍያለው ፈለገ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈለገውን ያህል ፈለገ። ቀሚሶቹንም አየ፤ አንደኛው በፊት ለብሳው አይቶት የማያውቀው፣ ታጥፎ የኖረ፣ የመታጠፊያው መስመር ያልለቀቀው ነበር።

«አይ» አለ። ይህ ሦስት ጊዜ የሚለመን «አይ» አልነበረም፤ በዛብሽም ስለገባት ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ይልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠችና፣ እንግዲያው አሳየኝ፣ ባምላክን ያላሳየኸውን አለችው።

ሲባጎውን አንሥቶ አንዱን ጫፍ በቀኝ ሌባ ጣቷ ላይ አሳለፈላት። አታጥብቂው፣ አታላላውም፤ ዝም ብለሽ ጣትሽን ስሚ አላት። ሌላውን ጫፍ ይዞ እስከ በሩ ድረስ ሄደ። ከውጭ የመጨረሻው ብርሃን በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባ ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። ከፍያለው ሲባጎውን በትንሹ ነካ አደረገው።

«ይህ ትንሹ ነው፤ እየቀመሰ ነው። ተዪው።»

ተወችው። ጠንከር አድርጎ ሁለት ጊዜ ሳበው። ይህ ደራክ ነው፣ ትልቁ ዓሣ፣ አላት፤ ሲሮጥ ልቀቂለት፣ ሲደክመው ሳቢው፤ ክሩ ጣትሽን እንዳይቆርጥ መዳፍሽን ዝጊ። እንዳላት አደረገች። እጇ ይማራል፤ ከባምላክ እጅ ይልቅ ይማራል፤ በሕፃንነቱ ከነበረው ከሱ እጅ ይልቅም ይማር ይሆናል፤ ይህም አናደደው። በሩ ላይ እግሩን አደላድሎ፣ ያለውን ጉልበት ሁሉ አድርጎ ሲባጎውን ጎተተ። በዛብሽ ከአልጋው ላይ ተነሥታ ቆመች፤ ሻንጣው ከጎኗ ወደቀ።

«ይህስ ምን የሚባለው ዓሣ ነው?» አለች።

«ይህ ዓሣ አይደለም» አለ ከፍያለው። «እኔ ነኝ፤ ቀንቼብሽ ነው።»

በዛብሽ ሲባጎውን አልለቀቀችም። በጣቷ ላይ አንድ ዙር ጨመረችና፣ መዳፏን ዘግታ፣ እንዳስተማራት ቀስ እያለች ወደ ራሷ ሳበችው።